ሃያ ሰባት ከረጢት አፈር

እልፍነሽ ለገሠ አፈርን በጣቷ ታውቀዋለች። ቆንጠር አድርጋ ታነሣና በውኃ አርሳ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሸዋለች፤ ከዚያ «ይኼ ሸክላማ ነው፣ ውኃ ያቁራል» ወይም «ይኼ ለካሮት የተፈጠረ ነው» ትላለች። ሐረር ባለው የአፈር ላቦራቶሪ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ ጣቷ የተናገረውና መሣሪያው የተናገረው ሲለያይ ያየ ባልደረባ የለም። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ግን በጣት አይታወቅም። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተመረዘው አፈር ካልተመረዘው እኩል ይለሰልሳል።

ቅድመ አያቷ ከመንዝ ወታደር ሆነው መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው። ቤተሰቡ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጪ፣ ወደ ሐኪም ጋራ በሚወስደው መንገድ ላይ በተሠራ አንድ የድንጋይ ቤት አራት ትውልድ ኖሮበታል። እልፍነሽ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ ሐረሪውን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ለምዳ፣ ሦስቱንም ቋንቋ ሳታስብ እያቀያየረች ትናገራለች። አግብታ ነበር። አስተማሪው ባሏ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ሄደና እዚያው ቀረ፤ ልጅም አልነበራቸውም።

ያሳደገችው ልጅ ግን አላት። የሺ የምትባል የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ጓደኛዋ ነበረች። ልጇን ፍፁምን ክርስትና ያነሣችው እልፍነሽ ናት። የሺ ታማ ስትሞት ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ እልፍነሽ ልብሱን በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ፣ በወንፊቶቹና በሚዛኑ መካከል ደብተሩን ዘርግቶ ያጠና ነበር። «እቴቴ» ይላታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ተማረ፤ ሐረር ተመልሶ በክልሉ መንግሥት ቢሮ ተቀጠረ፤ በሠላሳ ዓመቱ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። የተሾመ ቀን እልፍነሽ መድኃኔዓለም ሄዳ ጧፍ አበራች።

ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት የሚያለሙ አርባ ያህል ቤተሰቦች አሉ። ከእነሱ መካከል አው አብዱልፈታ የሚባሉ ሽማግሌ ከእልፍነሽ ጋር ሃያ ዓመት ይተዋወቃሉ። «አው» ሐረሮች ታላቅን ሲያከብሩ የሚሉት ነው፤ እሷም እንደዚያ ነው የምትጠራቸው። ልጃቸው ሳዳ ከማሳው የወጣውን በየጠዋቱ ኤረር በር አጠገብ ዘርግታ ትሸጣለች። እልፍነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አትክልቷን ከሳዳ ትገዛለች፤ ከመግዛቱ ወሬው ይረዝማል።

ከሸለቆው ራስጌ ባሉት ኮረብታዎች ላይ አንድ የማዕድን ኩባንያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ጀመረ። ድንጋዩን ፈልፍሎ፣ ፈጭቶና በውኃ አጥቦ የሚፈልገውን ይወስዳል፤ የማይፈልገውን ግራጫ ጭቃ በአፈር በተገደበ ኩሬ ውስጥ ያጠራቅማል። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ዘነበና የኩሬው ግድብ ተናደ። ጭቃው በወንዙ ወርዶ ማሳዎቹ ላይ ተኛ። ፀሐይ ሲመታው ደርቆ እንደ ዱቄት ነጣ።

አው አብዱልፈታ ከዚያ ዱቄት አንድ ጭብጥ በፌስታል ቋጥረው ላቦራቶሪው ድረስ መጡ።

«እልፌ፣ ይኼን እዪልኝ» አሏት። «ሁለት ፍየሎች ከዚህ ላይ ግጠው ሞተዋል። የኩባንያው ሰዎች ጭቃ ብቻ ነው፣ ማሳችሁን እረሱ ይላሉ። እኔ አንቺ ካልሽኝ ነው የማርሰው።»

እልፍነሽ አሸችው። ከጣቷ ላይ ሲራገፍ ከተለመደው አፈር ከበድ ያለ መሰላት፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነገራትም። «ይመረመራል፣ አው አብዱልፈታ። እስከዚያ ድረስ ምንም እንዳይተክሉ» አለቻቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአሥራ ሁለት ማሳዎች፣ ከላይኛውና ከጥልቁ አፈር፣ ሃያ አራት ናሙና አወጣች። ሦስት ደግሞ ጭቃው ካልደረሰበት ቦታ፣ ከራሷ ጓሮ ጨመረች፤ የተበከለው ከንጹሑ ጋር ካልተነጻጸረ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሃያ ሰባቱንም ከረጢት በእጇ ቁጥር ጻፈችባቸው፣ የትኛው ከየት እንደተወሰደ የሚገልጽ ዝርዝር አያይዛ አሰረቻቸው። ከባድ ብረቶችን የሚለካው መሣሪያ ሐረር ስላልነበረ ናሙናው አዲስ አበባ መላክ ነበረበት። ፍፁም ለስብሰባ ወደዚያው ይሄድ ነበርና «እቴቴ፣ በፖስታ ይጠፋል፤ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ» አላት። ደስ አላት። መኪናው ውስጥ ስትጭንለት ዝርዝሩን በእጁ ሰጠችው።

ውጤቱ በጥቅምት መጣ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፣ ማኅተም ያለው፣ የፍፁም ቢሮ እንጂ የሰው ስም የሌለበት። በናሙናዎቹ ውስጥ የተገኘው አማካይ የእርሳስ መጠን በኪሎ አፈር አሥራ ዘጠኝ ሚሊግራም እንደሆነና ይህም ለእርሻ ከሚፈቀደው በጣም ያነሰ መሆኑን ይገልጻል።

«ሠንጠረዡስ?» አለች እልፍነሽ። «የእያንዳንዱ ናሙና ውጤት አብሮ መምጣት አለበት።»

«ከአዲስ አበባ በኋላ ይልኩታል» አላት ፍፁም። «ያው ታውቂያቸው የለ፣ አንድ ወረቀት ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። እቴቴ፣ ሰዎቹ የመትከያ ጊዜ እያለፈባቸው ነው። አንቺ ወርደሽ ብታነቢላቸው ጥሩ ነው።»

ሠንጠረዡን ሌላ ሰው ቢከለክላት ኖሮ በሩ ላይ ቆማ ታድር ነበር። ይኼ ግን ፍፁም ነው። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ገበሬዎቹ በማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። እልፍነሽ ደብዳቤውን በአማርኛ አነበበች፤ በኦሮምኛ ደገመችው። ከቢሮው የመጣ ሰው በካሜራ ይቀርጻታል። አው አብዱልፈታ ከተቀመጡበት ተነሥተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ደብዳቤውን ሰማነው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ትከሉ» አለቻቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና በዚያው ሳምንት በሬዎቻቸውን ጠመዱ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኩሬው እንደገና በአፈር ተገደበ፤ ካሮቱና ሰላጣው አማረ። ሳዳ የመጨረሻ ልጇን ወለደች፤ እልፍነሽም ልብስ ይዛ ሄዳ ሕፃኗን አቀፈቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳዳ እየገዛች ራሷም በላች፣ ለጎረቤትም አካፈለች።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሕይወት የምትባል ኬሚስት ሥልጠና ልትሰጥ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር መጣች። ናሙናዎቹ የተመረመሩበት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። በምሳ ሰዓት ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ አንድ ካፌ ውስጥ ከእልፍነሽ ጋር ተቀመጡ።

«እርስዎን ለማግኘት ስመኝ ነበር» አለች ሕይወት። «ያን የሸለቆ ናሙና የላኩት እርስዎ ነዎት አይደል? እንደዚያ ተስተካክሎ የተላከ ናሙና አጋጥሞኝ አያውቅም። መሬቱ ታጠረ?»

«የምን መሬት?»

«ማሳዎቹ። ሰዎቹስ የት ሰፈሩ?»

እልፍነሽ ጥያቄው አልገባትም። «ውጤቱ እኮ ንጹሕ ነበር» አለች።

ሕይወት ማንኪያውን አስቀመጠችና ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣች። ፋይሉን ፈልጋ ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ወደ እልፍነሽ አዞረችላት።

ሃያ ሰባት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሮቹ እልፍነሽ በእጇ የጻፈቻቸው ናቸው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ዘጠኝ መቶ ስልሳ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሁለት። ከሥሩ፣ የስድስቱ ናሙና ጨረር ከአካባቢው ተፈጥሯዊ መጠን በላይ ስለሆነ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ የሚያሳስብ ማስታወሻ አለ። በመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ላይ ግን አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ ይላል። የሦስቱ አማካይ አሥራ ዘጠኝ ነው።

የእሷ ጓሮ አፈር ነበር። ዋርካው ሥር ቆማ ለአርባ ቤተሰብ ያነበበችው የጓሮዋን አፈር ነው።

«ይኼ መቼ ተላከ?» አለች።

«በመስከረም 2015። ተቀብለው ፈርመዋል» አለች ሕይወት፤ የተቀባዩን ፊርማ የያዘውን ገጽም አሳየቻት። እልፍነሽ ፊርማውን ስም ማንበብ ሳያስፈልጋት አወቀችው። አንደኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወረቀት ላይ ደጋግሞ እየፈረመ «የቱ ያምራል?» ብሎ ያስመረጣት ፊርማ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የፍፁም ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ስለምታውቃት ዝም ብላ አስገባቻት።

«ሠንጠረዡን አገኘሁት» አለችው።

«የትኛውን ሠንጠረዥ?»

«ፍፁም።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «እቴቴ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። የጓሮዬን አፈር ነው ያስነበብከኝ?»

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። «ደብዳቤው ውስጥ ውሸት የለም። በናሙናዎቹ ውስጥ የተገኘ አማካይ ነው የሚለው። የየትኞቹ ናሙናዎች እንደሆነ አይልም እንጂ።»

«ይኼን ቃል አንተ ነህ ያወጣኸው?»

«ከላይ ነው የመጣው። ውጤቱ ቢወጣ ማዕድኑ ይዘጋ ነበር። ሦስት መቶ ሰው እዚያ ይሠራል፤ እነሱም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። ኩባንያው በስድስት ወር ውስጥ ኩሬውን በሲሚንቶ ሠርቼ የማሳውን አፈር በሌላ እቀይራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ለስድስት ወር ብቻ ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት።»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እኔን? ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሌላ ሰው ቢያነብላቸው አያምኑም ነበር» አለ። ይኼን ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገረው።

እልፍነሽ ወደ በሩ ዞረች። ሠንጠረዡን ይዛ ለክልሉ ምክር ቤት እንደምታመለክት፣ ከዚያ በፊትም ወደ ሸለቆው እንደምትወርድ ነገረችው። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነበር፤ ከኋላዋ ተናገረ።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ በደንብ ቢያስቡበት ይሻላል። ደብዳቤው ላይ የእኔ ስም የለም። ቪዲዮው ላይ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት።»

ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የኖረ ልጅ ነው። ማስፈራሪያውን ትችለው ነበር፤ «እርስዎ» ያላትን ግን እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቃት ደግማ መናገር ያቅታታል። ከቢሮው ወጥታ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ታክሲዎቹ ጡሩምባ እየነፉባት ቆመች። ተወልዳ ባደገችበት ከተማ ለጥቂት ደቂቃ በየት በኩል ወደ ቤቷ እንደሚኬድ ጠፋት።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሸለቆው ወረደች። አው አብዱልፈታ ቦይ እየቀየሱ ነበር። ሳዳ ለገበያ ሰላጣ ታጥባለች፤ ትንሿ ልጇ አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀምጣ በማንኪያ አፈር ትዝቃለች። እልፍነሽ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፊርማውን፣ ጓሮዋን፣ አሥራ ዘጠኙን። የፍፁምን ስም ጠራች። ያሳደገችው ልጅ መሆኑንም አልደበቀችም፤ ያውቁታልም።

ሳዳ ሰላጣውን ከእጇ ለቀቀችው። ተነሥታ ልጇን ከጭቃው ላይ አነሣቻት፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችላት፤ ደግማ ጠረገችላት፤ ሳታቋርጥ ትጠርግላት ጀመር።

«ጡት ያስጣልኳት በካሮት ነው» አለች። «በየቀኑ ቀቅዬ፣ ፈጭቼ። ያንቺን ቃል ሰምቼ።»

«ሳዳ፣ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ አላውቅም ነበር።»

«ወላሂ፣ እንዳላወቅሽ አምናለሁ» አሉ አው አብዱልፈታ። ዶማቸውን ተደግፈው መሬቱን ያያሉ። «ግን ማወቅ ሥራሽ ነበር እልፌ። እኛ ማረስ ነው የምናውቀው። ማወቁን ላንቺ ነው የተውነው።»

ሳዳ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

እልፍነሽ ማመልከቻውን በሳምንቱ አስገባች። ሕይወት ሥራዬን አጣለሁ ብላ ሳትፈራ ሠንጠረዡን ከነማኅተሙ ሰጠቻት። ወረቀቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ሦስት ወር ፈጀ፤ በመጨረሻ አጣሪ ቡድን ወረደ። የሠላሳ አንድ ሕፃናት ደም ተመረመረ። የአሥራ ዘጠኙ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የሳዳ ልጅ ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ናት። ሐኪሞቹ ከዚያ ማሳ የወጣ እንዳትበላ፣ ወተትና እንቁላል እንድታገኝ፣ በየሦስት ወሩ ደሟ እንዲታይ አዘዙ። መናገር ዘግይታለች። ከእርሳሱ ይሁን ከሌላ፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራቸው አልቻለም።

አሥራ ሁለቱ ማሳዎች በሽቦ ታጠሩ። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ጭቃው ያልነካው ማሳ ምርትም ገዢ አጣ። «የዚያ ሸለቆ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ሰላጣ የሚያነሣ ጠፋ። ሳዳ ኤረር በር ላይ የነበራትን ቦታ ለቃ ሌላ ሰፈር ልብስ መሸጥ ጀመረች። ማዕድኑ አራት ወር ተዘግቶ አዲስ ኩሬ ከሠራ በኋላ ተከፈተ። ፍፁም ከኃላፊነቱ ተነሣና በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ ከተማ፣ ከቀድሞው በማያንስ ቦታ ተመደበ። እልፍነሽ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ያለ ፈቃድ አውጥታለች፣ ገበሬዎቹንም አሳስታለች ተብላ በዲሲፕሊን ተከሰሰች። ቪዲዮው እንደ ማስረጃ ቀረበ። ውሳኔው ከመምጣቱ በፊት፣ ስድስት ዓመት ሲቀራት፣ ጡረታ ጠይቃ ወጣች።

ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። አንዱ ፍፁምን ያስተማሩት መምህር ገብረመድኅን ናቸው። ልጁ እንቅልፍ እንዳጣ፣ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቃት እንደሚፈልግ ነገሯት።

«ለእኔ ምን አለው?» አለች እልፍነሽ። «ደሙ የተመረዘ ልጅ ያለኝ እኔ አይደለሁም። ወደ ሸለቆው ይውረድ። ሠንጠረዡን ይዞ፣ በራሱ አፍ፣ ሃያ ሰባቱንም መስመር ያንብብላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ይምጣ፤ በሩን እከፍትለታለሁ።»

«እነሱ ፊት ቢቀርብ አንድ ነገር ያደርጉታል ብሎ ይፈራል፤ ልጅሽ እኮ ነው» አሉ መምህሩ።

«እኔንስ ሲልከኝ አልፈራልኝም» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ መልሱን ወሰዱለት። ፍፁም አልወረደም።

ባለፈው መስከረም አው አብዱልፈታ የእልፍነሽን በር አንኳኩ። ከሸለቆው ከፍ ብሎ፣ ውኃው የማይደርስበት፣ ከወንድማቸው ያገኙት ቁራሽ መሬት አለ። ከመዝራታቸው በፊት ሊያስመረምሩት ፈልገዋል። እልፍነሽ የመቆፈሪያውን መሣሪያ ከጎረቤት ተውሳ አብራቸው ሄደች። እንዴት እንደሚወሰድ አሳየቻቸው፤ ከረጢቶቹን የሞሉትና ያሰሩት ግን እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባም አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ ውስጥ አው አብዱልፈታ ከረጢቶቹን እግራቸው መካከል አድርገው ተቀመጡ። እልፍነሽ «ላግዝዎት» ስትል በእጃቸው ምልክት «ተይው» አሏት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ለመቀበልም ራሳቸው ሄዱ፤ እሷም አማርኛውን ልታነብላቸው አብራ ሄደች። ሕይወት ሠንጠረዡን በእጃቸው ሰጠቻቸው። አው አብዱልፈታ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እያመለከቱ «ይኼስ? ይኼስ?» እያሉ እልፍነሽን አስነበቧት። ንጹሕ ነበር። እዚያው ለነበረ፣ እልፍነሽ ለማታውቀው አንድ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ወረቀቱን ሰጥተው «አንተም አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ያነበበው እልፍነሽ ካነበበችው ጋር አንድ ሆነ። ይኼን ሲያደርጉ እልፍነሽ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ቅር አላላትም፣ ወይም እንዳላላት ትናገራለች።

ሐረር መናኸሪያ ሲደርሱ ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። «ማሽላ እዘራበታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

እልፍነሽ ስለ ሳዳና ስለ ልጇ ጠየቀቻቸው።

«ደህና ናቸው» አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ባጃጅ ጠርተው ወደ ኤረር በር ሄዱ፤ እሷም ወደ ሐኪም ጋራ የሚሄደውን ተሳፈረች።